ግቢ ውስጥ ጌጠኛ ድንጋይ ኮንክሪት ላይ ስትተክሉ እንዳይነቀል (ለአዳማ ፀሐይና ነፋስ)

አዳማ ውስጥ አሁን አሁን አዲስ የሚሰራ ግቢ ሁሉ ማለት ይቻላል ከውጪ በር እስከ ሳሎን መግቢያ ያለችውን መንገድ ወይ ደግሞ ከበረንዳው ፊት ቡና የሚፈላባትን ቦታ ድንጋይ የተተከለበት ኮንክሪት ማድረግ ይፈልጋል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ጭቃ ይከላከላል፣ አቧራ ይቀንሳል፣ ለአይንም ያምራል። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ቦታ አንድ ክረምት ሳያልፍ ድንጋዩ እየተነቀለ ጉድጓዱ ብቻ መቅረቱ ነው። ባለቤቱ ሲጠየቅ ሲሚንቶው አይረባም ነበር ይላል፣ ሰራተኛው ደግሞ ሲሚንቶ አሳንሰውብኝ ነው ይላል። እኔ እንደማየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከሲሚንቶ ብዛት ጋር አይገናኝም። ድንጋዩን የሚይዘው ምን ያህል ጠልቆ እንደገባና ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ስንት ቀን እርጥብ ሆኖ እንደቆየ ነው፣ በቃ እነዚ ሁለቱ ናቸው።

ሁለተኛው አዳማ ላይ ከሌላው ቦታ ይብሳል። ዙሪያችን ኮረብታው ላይ አዳማ 1 እና አዳማ 2 ተብሎ አንድ ላይ 136 ተርባይን የተተከለው እኮ ነፋሱ ስላለ ነው፣ ያ ነፋስ እናንተ ግቢ ውስጥ ዛሬ ጠዋት የፈሰሰ ኮንክሪት ላይም ያልፋል። ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም፣ ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ተዋህዶ ነው የሚጠነክረው፣ ስለዚ ውሃው ቀድሞ ከሄደ ሲሚንቶው ስራውን ሳይጨርስ ይቆማል። ፀሐይና ነፋስ ሲገናኙ ደግሞ ከላይ የሚሄደው ውሃ ከስር ከሚወጣው ስለሚበልጥ የላይኛው ሽፋን ቀድሞ ይኮማተርና እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል፣ እጅ ሲነካው ዱቄት የሚሆነውም ለዛ ነው። እና ድንጋያችሁ የተቀመጠው የት ነው? እዛው የላይኛው 3 እና 4 ሳንቲም ላይ! ስሩ ምንም ቢጠነክር ድንጋዩን አይረዳውም።

ስለዚ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ስራውን በጥቅምት ወይ በህዳር ነፋሱ አቧራ በሚያነሳበት ቀን እኩለ ቀን ላይ አትጀምሩት። ጠዋት በጊዜ ወይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ጀምሩ፣ ካልሆነ ደግሞ በነፋሱ አቅጣጫ ሸራ ወይ ማዳበሪያ ጆንያ ወጥሩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የምትሰሩ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፣ ድንገት የሚመጣ ዝናብ ሲሚንቶውን አጥቦ ድንጋዩን ራቁቱን ያስቀረዋል፣ ላስቲክ አጠገባችሁ ይኑር።

የቱን ድንጋይ?

እኛ ስምጥ ሸለቆ ላይ ነን፣ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ በያይነቱ ነው ያለው፣ ግን ሁሉም ለመንገድ አይሆንም። ለሰው መርገጫ የመጀመሪያ ምርጫዬ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልቱ ነው፣ ኮብልስቶን የሚጠረብበት ማለት ነው። ጠንካራ ነው፣ ውሃ ብዙም አይመጥም፣ ሲሚንቶ ይይዘዋል። ወንዝ ያለሰለሰው ድቡልቡል ድንጋይም በጣም ያምራል፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ሲሚንቶው የሚይዝበት ሻካራ ነገር የለውም፣ ስለዚ ከሌላው ጠለቅ ብሎ መግባት አለበት። ወንዝ ዳር በራሳችሁ ሄዳችሁ ከመልቀም አሸዋና ድንጋይ በፈቃድ ከሚያወጡ ማህበራት ብትገዙ ጥሩ ነው፣ ነገርየው የሚያስጠይቅበት ቦታ አለ።

ሬድ አሽ የምንለው ቀዩ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ሲታይ ልብ ይሰርቃል፣ አበባ መደብ ዳር ለጠርዝ ሲሆን ደስ ይላል፣ እግር በየቀኑ የሚያልፍበት ላይ ግን ይፈረፈራል። ፑሚስማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ነው፣ በጥፍር ይፋቃል፣ ለዚ ስራ ጭራሽ አታስቡት። ባልጩት ደግሞ ጥቁር መስታወት መስሎ ሲያብረቀርቅ ሰው ሁሉ ይፈልገዋል፣ እኔ ግን ሁለት ነገር እፈራለሁ። አንደኛው ሲሰበር እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ ልጆች ባዶ እግራቸውን የሚሮጡበት ግቢ ውስጥ አይሆንም። ሁለተኛው ባልጩት በተፈጥሮው መስታወት ስለሆነ ሲሚንቶ ውስጥ ካለው አልካሊ ጋር ቀስ እያለ ይዋሃድና ዙሪያውን ያብጣል፣ ከጊዜ በኋላ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ግድግዳ ላይ ለጌጥ አንድ ሁለት ቢገባ ሌላ ጉዳይ ነው።

የእብነ በረድ ቁርጥራጭ ከሚቆርጡ ቤቶች በርካሽ ይገኛል፣ አንዳንዴም ውሰዱልን ይላሉ። ነጩ ከጥቁሩ ባዛልት ጋር ሲሆን የሚያወጣውን መልክ ሌላ ድንጋይ አያወጣውም። ግን የተወለወለው ፊት ወደላይ ከሆነ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ትልልቅ ሰዎች ያሉበት ቤት ከሆነ አደራ፣ የተወለወለውን ወደታች አድርጋችሁ ሻካራውን ወይ የተሰበረውን ጎን ወደላይ አድርጉት። የሴራሚክ ስብርባሪም እንደዛው ነው፣ ቀለም የተቀባው ፊቱ ከእርጥብ ጫማ ጋር አይስማማም። ድንጋዩ እብነ በረድ ወይ የኖራ ዘር መሆኑን ካላወቃችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ ካወጣ ነው ማለት ነው፣ ይሄን ማወቁ በኋላ ስታጸዱ ይጠቅማችኋል።

ሌላው ሰው የማያስበው ሙቀቱን ነው። ሙሉ በሙሉ በጥቁር ድንጋይ የተሞላ በረንዳ ሚያዝያ ላይ እኩለ ቀን በባዶ እግር አይረገጥም፣ ሙሉ ነጭ ከሆነ ደግሞ ነጸብራቁ አይን ይወጋል። መቀላቀል ነው የሚሻለው፣ ወይ ደግሞ የኮንክሪቱ ግራጫ በመሀል በደንብ እንዲታይ ድንጋዩን ራቅ ራቅ አድርጎ መትከል።

መጠኑ ከ4 እስከ 7 ሳንቲም የሚሆን ድንጋይ ለመስራት ይመቻል። ቁልፉ ውፍረቱ ነው፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲም ተኩል የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስተኝታችሁ ብትለጥፉት የሆነ ቀን ተነስቶ ታገኙታላችሁ። ጠፍጣፋ ድንጋይ በጎኑ ቆሞ ነው የሚተከለው፣ ጠባቡ ጎን ወደላይ። ብዙ ድንጋይ ይበላል፣ ግን አይነቀልም፣ መልኩም ይበልጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት ድንጋዩን ሁሉ እጠቡት፣ አፈር የያዘ ድንጋይ ሲሚንቶ አይነካውም ማለት ነው፣ በመሀል አፈሩ አለ። ከዛ እኩል ስፋት ያለው ቦታ ላይ አሸዋ አንጥፋችሁ ዲዛይኑን በደረቁ ደርድሩት፣ የመሶብ አክርማ ዙሪያውን እየጠቀለለ የሚሄድበት አይነት ክብ፣ የጥበብ ጥለት፣ ቀጥ ያለ ሁለት መስመር፣ ደስ ያላችሁን፣ ስትጨርሱ በስልክ ፎቶ አንሱትና በባልዲ በባልዲ በየቀለሙ ለዩት። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ቆሞ ድንጋይ መምረጫ ጊዜ የለም፣ ያኔ እጃችሁ ብቻ ነው የሚሰራው።

አሸዋውን ሳታዩ አትግዙ

አሸዋ እዚ አካባቢ ከቆቃ፣ ከሶደሬ፣ ከመተሐራ፣ ከላንጋኖ ምናምን ይመጣል፣ ከአንዱ ቦታ የሚመጣው ራሱ መኪና በመኪና ይለያያል። ሁለት ነገር ነው የምታዩት፣ አፈሩንና ፑሚሱን። አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ግማሽ ድረስ አሸዋ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ በደንብ ነቅንቁትና አስቀምጡት። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ አሸዋው ከስር ይተኛል፣ አፈሩ ከላይ እንደ ቀጭን ሽፋን ይቀመጣል፣ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ነጭ ጠጠር ካለ እሱ ፑሚስ ነው። የኢትዮጵያ ደረጃ የአፈሩ መጠን ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የሚለው፣ ማለት አሸዋው 10 ሳንቲም ከሆነ አፈሩ ከግማሽ ሳንቲም ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከዛ በላይ ከሆነ ወይ ታጥቦ ይግባ ወይ ይመለስ። አፈር የበዛበት አሸዋ ውሃ ይጠጣል፣ ሰራተኛው ውሃ ይጨምራል፣ ውሃው ሲበዛ ጥንካሬው ይወርዳል፣ ነገሩ እንደዛ ነው ተያይዞ የሚበላሸው።

መሬቱ

ግቢያችሁ አፈሩ ምን እንደሆነ እወቁ። አዳማ ብዙ ቦታ አመድማ፣ ቀለል ያለ አፈር ነው ያለው፣ እሱ ውሃ ሲገባበት ይሰምጣል፣ ስለዚ ውሃ እያጠጣችሁ በደንብ ጠቅጥቁት፣ ስትረግጡት የጫማ ምልክት እስከማይቀር። ጥቁር መረሬ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ አፈር ካያችሁ መረሬ ነው፣ ክረምት ላይ ያብጣል በጋ ላይ ይኮማተራል፣ ከላዩ ያለውን ሁሉ ያነሳል ይጥላል። ቢያንስ 30 ሳንቲም ያህል ቆፍራችሁ አውጡና በገረገንቲ (ለመሙያ በሚሆን ጠጠራማ አፈር) ተኩት፣ ያም ሆኖ ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ አይቀርም፣ ስለዚ መንገዱን በትንንሽ ቁራጭ ስሩት።

በተለመደው አፈር ላይ ለሰው መንገድ ከ20 እስከ 25 ሳንቲም ቁፋሮ ይበቃል፣ 10 ሳንቲም ገረገንቲ ወይ ድንጋይ ተደርድሮ ተጠቅጥቆ፣ ከላዩ 10 ሳንቲም ኮንክሪት። መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ኮንክሪቱ 15 ይሁን፣ ፌሮ መረብም ይግባበት፣ ድንጋዩም ጎማ የሚረግጠው መስመር ላይ ባይሆን ይመረጣል። ኒም ዛፍ ካለ ደግሞ ግንዱን ዙሪያውን ክፍት ተዉለት፣ ስሩ ነገ ኮንክሪቱን ማንሳቱ አይቀርም፣ ዛፉም ውሃ ይፈልጋል።

ተዳፋት አትርሱ! በ1 ሜትር 2 ሳንቲም ዝቅ ይበል፣ ከቤቱ ወደ ውጪ። አዳማ ክረምት ላይ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደውን ጎርፍ የማያውቅ የለም፣ ውሃው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ መፍሰሻው እንዲሄድ ከአሁኑ በገመድና በውሃ ልክ ለኩት። ድንጋይ የተተከለበት ወለል ላይ ደግሞ ውሃ በየድንጋዩ መሀል ስለሚቆም ከልሙጡ ኮንክሪት የበለጠ ተዳፋት ነው የሚፈልገው።

ጎኑን በጣውላ ወይ በሞራሌ ያዙት፣ ከውጪ በችካል ደግፉት። መንገዱ ስፋቱ 1 ሜትር ከሆነ በየ1 ሜትር ከ20 ወይ ከ40 በጣውላ ቆራርጡት። ይሄ ሁለት ጥቅም አለው፣ ኮንክሪት መሰንጠቁ ስለማይቀር እዛው መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል፣ ሌላው ደግሞ እናንተ በአንድ ጊዜ የምትይዙት ቦታ ትንሽ ይሆናል። መጋጠሚያውን በኋላ በመቁረጫ አወጣዋለሁ እንዳትሉ፣ ድንጋይ መሀል ላይ ያርፋል።

ቡካታው

1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር፣ በሳጥን ተለክቶ፣ በአካፋ ተገምቶ አይደለም። ጠጠሩ ዜሮ አንድ የሚባለው ደቃቁ ይሁን፣ ተለቅ ያለው ዜሮ ሁለት ከሆነ ድንጋያችሁን ስትጫኑት ከስር ትልቁ ጠጠር ይይዘውና አልገባም ይላል። በዚ ልክ 50 ኪሎው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ወደ 0.14 ሜትር ኩብ ይሰጣል፣ ማለት 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ40 የሆነች 10 ሳንቲም ውፍረት ያላት አንድ ቁራጭ። እና አንድ ከረጢት አንድ ቁራጭ እያላችሁ ስሩ፣ ሒሳቡም ይቀላል፣ ሰውም አይዋከብም። አራት ቁራጭ በአንዴ አፍስሰው ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አራተኛው ድንጋይ አልቀበል ብሎ በመዶሻ ሲደበድቡት አይቻለሁ፣ እንደዛ የገባ ድንጋይ ዙሪያው ተሰንጥቆ ነው የገባው፣ አይያዝም።

ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ቢሆን ለዚ ስራ በቂ ነው፣ እንደውም ቀስ ብሎ ስለሚይዝ ለመትከል ጊዜ ይሰጣችኋል፣ በምላሹ ደግሞ ረዘም ላለ ቀን ውሃ ይፈልጋል። ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ቶሎ ይይዛል፣ በአዳማ ሙቀት ደግሞ በጣም ቶሎ። ከረጢቱ ውስጥ ጓል የሰራ ካለ እና በጣት ካልፈረሰ እሱን ተዉት።

ውሃው ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር አካባቢ ነው፣ አንድ ትልቁ ጀሪካን ማለት ነው፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዛ ያንሳል። ሁሉንም አንዴ አትድፉት፣ እያያችሁ። ወፈር ያለ ገንፎ ሲመስል አቁሙ። ሰራተኛ ቀጠን ያለ ይወዳል ምክንያቱም ለመግፋት ይቀላል፣ ግን ቀጭን ኮንክሪት ላይ ድንጋይ ስታስቀምጡ ይሰምጥና ይጠፋል። እና ደግሞ ማንም ሰው ሲደርቅበት ውሃ እንዳይጨምርበት፣ መያዝ የጀመረ ኮንክሪት ላይ ውሃ መጨመር ማለት ጥንካሬውን መድፋት ነው። ድንጋዩን ግን ማታውኑ በውሃ ዘፍዝፉት፣ ስትተክሉ ጊዜ አውጥታችሁ አንጠፍጥፉት፣ ውስጡ የጠገበ ላዩ ውሃ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። ደረቅና በፀሐይ የጋለ ድንጋይ ዙሪያውን ካለው ሲሚንቶ ውሃ ይመጥና እዛው የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ደረቅ ያደርገዋል።

ጓንትና ቦቲ ልበሱ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል፣ መጀመሪያ አይታወቅም፣ ማታ ነው የሚታወቀው። በተለይ ድንጋይ ሲተከል ሰው ተንበርክኮ ነው የሚሰራው፣ ጉልበቱ እርጥብ ሱሪ ውስጥ ሰዓታት ይቆያል። ጣውላ ላይ ተንበርከኩ፣ ከነካችሁም ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ። አይን ውስጥ ከገባ ደግሞ በውሃ አጥባችሁ ወደ ሐኪም።

መትከሉ

ከማፍሰሳችሁ በፊት የተጠቀጠቀውን መሬት አርከፍክፉት፣ ውሃ ሳይቋጥር። ኮንክሪቱን አፍስሱ፣ በአካፋ ጠርዝ ጠርዙን ወጋ ወጋ አድርጉ አየሩ እንዲወጣ፣ ከዛ በቀጥ ያለ ጣውላ ሳቡት። ከቅርጹ አፍ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ግማሽ ወይ 1 ሳንቲም፣ ምክንያቱም ድንጋዩ ሲገባ ኮንክሪቱ ይነሳል፣ ሙሉ ካደረጋችሁት ይፈሳል።

ከዛ ትንሽ ጠብቁ። ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ውሃ ይወጣል፣ እሱ እስኪጠፋ። ውሃው ቶሎ እንዲጠፋ ብለው ደረቅ ሲሚንቶ የሚነሰንሱ አሉ፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት፣ ላዩ ላይ የሚላጥ ቅርፊት ነው የሚሰራው። ሰዓት አልነግራችሁም፣ እንደ ቀኑ ይለያያል፣ አንድ ድንጋይ አስቀምጡና ተዉት፣ በራሱ ከሰመጠ ገና ነው፣ በእጅ ሲገፋ ገብቶ ሲለቁት ከቆመ ጊዜው ነው።

ከሩቁ ጥግ ጀምሩና ወደራሳችሁ ኑ። መጀመሪያ የዲዛይኑን መስመር የሚይዙትን ድንጋዮች፣ ጠርዝና መሀል፣ ከዛ መሙያውን። እያንዳንዱን ድንጋይ ሰፊውን ጎኑን ወደታች አድርጋችሁ በእጅ ነቅነቅ እያደረጋችሁ አስገቡት፣ ሲሚንቶው ዙሪያውን እንዲያቅፈው ነው መነቅነቁ፣ ዝም ብሎ ቢጫን ከስሩ አየር ይይዛል። በእጅ ስታስገቡት ቢያንስ ከግማሽ በላይ ይግባ፣ እኔ ሁለት ሦስተኛው ይግባ ነው የምለው፣ ለድቡልቡሉ ደግሞ ከዛም ይለፍ፣ ምክንያቱም የድንጋዩ ሰፊ ወገብ ከኮንክሪቱ በታች ከሆነ ከላይ ያለው ሲሚንቶ ጠበብ ብሎ ይይዘዋል፣ ወገቡ ከላይ ከቀረ ግን የሚይዘው ነገር የለም። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ የተነቀለ ድንጋይ በጣም ይቀንሳል። በድንጋይና በድንጋይ መሀል ቢያንስ የትንሽ ጣት ውፍረት ግማሽ ያህል ክፍተት ተዉ፣ ሁለት ድንጋይ ከተነካካ መሀላቸው ሲሚንቶ አይገባም።

ትንሽ ቦታ ስትጨርሱ ቀጥ ያለ ጣውላ ከላይ አስቀምጡና በመዶሻ እጀታ ወይ በጎማ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ በእጅ ያልገባው ቀሪው ይገባና ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ከኮንክሪቱ በላይ የሚቀረው የድንጋዩ ክፍል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ ከዛ ካለፈ ከዘራ የሚይዝ ሰው ይደናቀፋል፣ ወንበርም ይወዛወዛል፣ ታኮ ጫማማ ተዉት። ቡና የሚፈላበት ቦታ ከሆነ ረከቦቱ የሚቀመጥባትን አንድ ሜትር ያህል ልሙጥ ብትተዉ ደስ ይላል።

ድንጋዩ ዙሪያ የወጣው ሲሚንቶ ትንሽ ጠንከር ሲል፣ አውራ ጣት ሲጫነው ምልክት ብቻ ሲቀር፣ ያኔ በለስላሳ ብሩሽና በትንሽ ውሃ ላዩን ጥረጉት፣ የድንጋዩ ፊት ይወጣል። ቶሎ ከጀመራችሁ ሲሚንቶው ከድንጋዩ ጎን ተጠርጎ ይሄዳል፣ ዘግይታችሁ ከጀመራችሁ ድንጋዩ ላይ ደርቆ ይቀራል፣ አዳማ ላይ ይሄ ክፍተት አጭር ነው፣ ሌላውን ቁራጭ ከማፍሰሳችሁ በፊት ይሄን ጨርሱ። ከብሩሹ በኋላ በተጨመቀ ስፖንጅ እያንዳንዱን ድንጋይ አብሱ፣ ስፖንጁን ቶሎ ቶሎ በንጹህ ውሃ እየቀየራችሁ። የታጠበውን ሲሚንቶ ውሃ ቱቦ ውስጥ አትድፉት፣ እዛው ይደርቅና ቱቦውን ይደፍናል፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ድፉት።

በነገራችን ላይ ስኳር። ወንጂ ጎረቤታችን ነው፣ የስኳር ጆንያ በየቤቱ አለ፣ ያንን ጆንያ ለዚ ስራ እንዳታቀርቡት፣ አሸዋም አትያዙበት፣ አዲስ ኮንክሪትም አታልብሱበት። ስኳር በጣም ትንሽ ሆኖ ራሱ የሲሚንቶን መጠንከር ያዘገያል፣ ላዩ ላይ ካረፈ ቦታው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ይሄን ጸባዩን ሆን ብለው የሚጠቀሙ አሉ፣ ጠጠሩ ራሱ እንዲታይ ሲፈለግ የስኳር ውሃ ረጭተው በላስቲክ ሸፍነው በነጋታው በብሩሽ ያጥቡታል፣ ለትንንሽ ጠጠር ይሰራል፣ መጀመሪያ በትንሽ ቁራጭ ተሞክሮ ነው። በእጅ ለተተከለ ትልቅ ድንጋይ ግን አልመክርም፣ ድንጋዩን ያቀፈውን ሲሚንቶ ነው የሚያለሰልሰው።

ውሃ ማጠጣቱ

አሁን ሁሉም ሰው ደክሞታል፣ ሰራተኛው ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፣ መንገዱም አምሯል። ትልቁ ስራ ግን ገና ነው። ጨርቅ ወይ የእህል ጆንያ (ንጹህ፣ ስኳር ያልያዘ) ውሃ ነክራችሁ ኮንክሪቱ ምልክት የማይዝበት ደረጃ ላይ እንደደረሰ አልብሱት፣ ከላዩ ላስቲክ፣ ጠርዙ ላይ ድንጋይ ጫኑበት ነፋሱ እንዳያነሳው፣ ያነሳዋል ደግሞ። ላስቲኩን ብቻውን ኮንክሪቱ ላይ አታስተኙት፣ ነክቶ ያልነካው ቦታ ቀለሙ ይለያይና ዥንጉርጉር ይሆናል። ጠዋትና ማታ ገለጥ እያደረጋችሁ ጆንያውን አርጥቡት፣ እኩለ ቀን ላይ የጋለ ኮንክሪት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከመልቀቅ ጆንያው ሳይደርቅ ማቆየት ይሻላል።

ቢያንስ 7 ቀን። ፒፒሲ ከሆነ 10 ቀን ብታደርጉት ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ስራውን ሳትጀምሩ በፊት ሮቶውን ወይ በርሜሉን ሙሉ፣ በሦስተኛው ቀን ውሃ ጠፋ ብሎ መተው ከመጀመሪያውም አለመስራት ነው። ሰው ቀስ ብሎ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን መራመድ ይችላል፣ ወንበርና ጠረጴዛ ከሳምንት በኋላ፣ መኪና ግን 28 ቀን ይጠብቅ። ግቢ ውስጥ ውሻ ካለ የመጀመሪያውን ማታ እሰሩት።

ጆንያው ከተነሳ በኋላ ድንጋዩ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይታያል፣ የሲሚንቶ ቅሪት ነው። መጀመሪያ በውሃና በጠንካራ ብሩሽ ሞክሩ፣ ካልለቀቀ አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ፣ ወለሉን መጀመሪያ አርጥባችሁ፣ ፈትጋችሁ ወዲያው በብዙ ውሃ አጠቡት። እብነ በረድ ካለበት ግን አቼቶም አሲድም አይነካውም፣ ፊቱን ይበላዋል፣ ቅድም በጠብታ ሞክሩ ያልኳችሁ ለዚ ነው። ጠንካራውን አሲድ ለማንም አልመክርም፣ ሲሚንቶውንም ስለሚበላ ድንጋዩን ከያዘው ነገር ላይ ነው የምትቀንሱት።

ቀድሞ የተሰራ ልሙጥ ኮንክሪት ካላችሁ

ማፍረስ አያስፈልግም፣ ጤነኛ ከሆነ። ላዩን በመሮና በመዶሻ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ አሻክሩት፣ አቧራውን ጠርጋችሁ እጠቡት፣ እርጥብ እያለ ውሃ ሳይቋጥር ሲሚንቶ በውሃ በጥብጣችሁ በብሩሽ ቀቡት፣ እሱ ሳይደርቅ ወዲያው 1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ የሆነ ቡካታ 4 ሳንቲም ያህል አንጥፋችሁ ድንጋዩን እዛ ላይ ትከሉ። በዚ ጊዜ ድንጋዩ ቁመቱ ከ4 ሳንቲም ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ከስሩ ቢያንስ ግማሽ ሳንቲም ቡካታ እንዲቀር። የታችኛው ኮንክሪት ስንጥቅ ካለው ያው ስንጥቅ ወደላይ ይወጣል፣ ስለዚ መጋጠሚያችሁን እሱ ላይ አድርጉ። የበሩንም ከፍታ አስቡ፣ 4 ሳንቲም ሲጨመር የውጪ በር አልከፈት ያለበት ቤት ብዙ ነው።

አንድ ሁለት ድንጋይ ቢነቀል ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ሲሚንቶ ጠብ አድርጎ መመለስ አይበቃም። ጉድጓዱን በመሮ ጠለቅና ከስሩ ሰፋ አድርጉት፣ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ እንዲሆን፣ አቧራውን አውጡ፣ አርጥቡት፣ ድንጋዩንም ከአሮጌው ሲሚንቶ አጽዱትና ዘፍዝፉት፣ ወፈር ባለ 1 ለ 2 ቡካታ ሞልታችሁ ድንጋዩን ነቅነቅ እያደረጋችሁ አስገቡ፣ እርጥብ ጨርቅ ጣሉበትና እሱንም ሳምንት ሙሉ ሳይደርቅ አቆዩት።